ነጭ ቀሚስ፣ ነጭ መኪና፦ የአንድ ሙሽራ ፎቶ በኩዊክ ማስክ

ጉዳዩ የአንድ ፎቶ ነው። ሙሽራ አትክልት ቦታ ውስጥ ቆማለች። ፀሐይ ከኋላዋ ናት፣ ዓይነ ርግቧን ነፋስ ወደ ጎን ገፋ አድርጎታል፣ በእጇ ቀይ ጽጌረዳ የበዛበት እቅፍ አበባ ይዛለች። አንድ ነገር ባይኖርበት ጥሩ ፎቶ ነው። ከወገቧ ጀርባ ነጭ መኪና ቆሟል። ፀሐይ አርፋበት ያንጸባርቃል፣ ፎቶውን ያየ ሁሉ ከሙሽራዋ ፊት በፊት ዓይኑ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው።

ፎቶውን ያነሳው ወዳጄ ሲልክልኝ የጻፈው አጭር ነበር፦ "ወንድሜ፣ መኪናው ዓይን ይወጋል። ከኋላ ያለውን ሁሉ ጨለም አድርግልኝ። ዓይነ ርግቡ ግን እንዳይቆሽሽብኝ።"

ሥራውን ያከበደችው የመጨረሻዋ ነገር ናት።

መኪናውን ለምን አላጠፋኸውም የሚል ሰው አይጠፋም። ማጥፋት ይቻላል፣ ግን የመኪናው ግማሽ የሚታየው በዓይነ ርግቡ ውስጥ አልፎ ነው። መኪናው ከጠፋ በላዩ ያለው ጨርቅም እንደ አዲስ መሠራት አለበት፣ ያ ደግሞ ፎቶ ማስተካከል መሆኑ ቀርቶ ሥዕል መሣል ይሆናል። ማጨለም ይበቃል። ለማጨለም ግን ከኋላ ያለውን ለብቻው ሰሌክት ማድረግ (መምረጥ) ያስፈልጋል፣ ጣጣውም እዚህ ላይ ነው፤ ዓይነ ርግቡ ባለበት ቦታ ከፊት ያለውና ከኋላ ያለው አንድ ላይ ናቸው። አንዱ ፒክሰል (ፎቶው የተሠራበት ትንሿ ነጥብ) ከፊሉ ጨርቅ ነው፣ ከፊሉ መኪና። ይሄ ተመርጧል ያ አልተመረጠም ብሎ በመስመር መለየት አይቻልም።

ፎቶሾፕ በራሱ የት ድረስ ሄደ

የጀመርኩት ማንም በሚጀምርበት ነው፤ ሰሌክት ሰብጀክት፣ ፎቶሾፕ ዋናውን ሰው በራሱ የሚመርጥበት ትእዛዝ። አንድ ጊዜ ተጫንኩት፣ ፊቷን፣ ክንዷን፣ ትከሻዋንና እቅፍ አበባውን አሳምሮ ያዘ። በእጅ ለመሥራት ረጅም ሰዓት የሚወስደውን በአንድ ትንፋሽ ሠርቶ ጨረሰው፣ ስለዚህ እዚህ የምጽፈው "የድሮው መንገድ ይሻላል" ለማለት አይደለም። ማሽኑ የቻለውን ማሽኑ ይሥራው።

ሁለት ቦታ ላይ ግን አልቻለም። ቀሚሱ ከመኪናው ጋር በሚነካካበት በኩል ነጭ ከነጭ ተምታታበትና የመኪናውን ኮፈን ቁራጭ የቀሚሱ አካል አድርጎ ወሰደው። ዓይነ ርግቡን ደግሞ ቆራረጠው። እጥፋት ያለበትን ወፍራሙን ክፍል ወደ ሙሽራዋ ጨመረ፣ ስስ የሆነውን ከኋላ ካለው ጋር ተወው፣ መሃሉ ላይ ደግሞ ለምን እንደሆነ የማይገባ ቀዳዳ አበጀ። በዚህ ሰሌክሽን ባጨልም ጨርቁ የተቀደደ ነው የሚመስለው።

ወደ እጅ ሥራ ከመሄዴ በፊት አንድ ነገር በማሽኑ ጨረስኩ፤ ፀጉሯን። ከግንባሯ አጠገብ ፀሐይ ያበራቻቸው ቀጫጭን ፀጉሮች ወጥተዋል። ኩዊክ ማስክ፣ ማለትም ሰሌክሽንን በብሩሽ እየቀቡ የሚያስተካክሉበት የፎቶሾፕ መንገድ፣ ለፀጉር አይሆንም። እያንዳንዱን ዘለላ በብሩሽ ልከተል ያለ ሰው ዓይኑንም ቀኑንም ያጠፋል። ሰሌክት ኤንድ ማስክ ውስጥ ያለው የጠርዝ ማጥሪያ ብሩሽ ለዚህ የተሠራ ነው፣ በፀጉሩ ላይ ብቻ አለፍኩበት፣ ሲጨርስ ውጤቱን በሌየር (በፎቶው ላይ በሚደረብ ንብርብር) ወይም በማስክ (የሌየሩን ከፊል በሚሸፍን ምስል) ሳይሆን በሰሌክሽን መልክ እንዲሰጠኝ አዘዝኩት። ቅደም ተከተሉ ለውጥ ያመጣል። ፀጉሩ በመጨረሻ ቢሠራ ኖሮ ያ መስኮት በእጅ የተሠራውን ዓይነ ርግብ ጠርዝ ሊነካካው ይችል ነበር።

መስመሩ የማያሳየው

በሰሌክሽን ዙሪያ የሚሮጠው ነጠብጣብ መስመር፣ ብዙ ሰው ጉንዳኖቹ የሚለው፣ ብዙ ነገር ይደብቃል። መስመሩ የሚሰመረው ቢያንስ 50 በመቶ የተመረጡት ፒክሰሎች ዳር ላይ ነው። 40 በመቶ ብቻ የተመረጠ ፒክሰል ከመስመሩ ውጭ ነው የሚታየው፣ ግን ተመርጧል፤ የምታደርጉት ለውጥ በ40 በመቶው ልክ ይደርሰዋል። ሰሌክሽን እውነተኛ መልኩ ከጥቁር እስከ ነጭ ያለ ምስል ነው። በ8 ቢት ፎቶ ላይ እያንዳንዱ ፒክሰል ከ0 እስከ 255 የሚደርስ ቁጥር አለው፣ 0 ጨርሶ ያልተመረጠ፣ 255 ሙሉ በሙሉ የተመረጠ፣ በመሃል ያለው ሁሉ በከፊል የተመረጠ ማለት ነው።

የእኛ ዓይነ ርግብ ያለው እዚያ መሃል ላይ ነው። በመስመር እያዩ እሱን መሥራት በጭለማ መርፌ መስፋት ነው።

ኩዊክ ማስክ ይህን የተደበቀ ምስል ለጊዜው አውጥቶ ፎቶው ላይ በቀለም ይደርበዋል። ኪቦርዱ ላይ ኪው የምትባለውን ፊደል ስትጫኑ ትገባላችሁ፣ መልሳችሁ ስትጫኑ ትወጣላችሁ፣ ቀለሙ ጠፍቶ ሰሌክሽኑ ይመለሳል። በዚያ መካከል ሰሌክሽኑ እንደማንኛውም ምስል ስለሆነ በብሩሽ ይቀባል፣ በፊልተር ይለሰልሳል፣ በግራዲየንት (ከጥቁር ወደ ነጭ ቀስ በቀስ በሚያልፍ ቀለም) ይሞላል። ቻናሎች (ፎቶው የተሠራባቸው ባለ አንድ ቀለም ምስሎች) ያሉበት ፓነል ላይ ዘንበል ባለ ጽሑፍ የተጻፈ ጊዜያዊ ቻናል ይታያል፤ ስትወጡ እሱም ይጠፋል። በፎቶሾፕ ፈንታ ጊምፕ የሚባለውን ፕሮግራም ለምትጠቀሙ ሺፍት እና ኪው አንድ ላይ ነው፣ አሠራሩ ያው ነው።

በነገራችን ላይ ኪውን ሳያውቅ የነካ ሰው "ፎቶሾፔ ተበላሸ፣ ብሩሹ ቀይ ብቻ ነው የሚቀባው" ብሎ ይደነግጣል። አልተበላሸም። የፋይሉን ስም የያዘውን ትር ተመልከቱ፣ ኩዊክ ማስክ የሚል ከተጻፈበት መልሳችሁ ኪውን ተጫኑ፣ አለቀ።

እኔ ከመግባቴ በፊት ሰሌክሽኑን ገለበጥኩት፣ ኮንትሮል፣ ሺፍት እና አይ (ማክ ላይ በኮንትሮል ፈንታ ኮማንድ)። ሰሌክት ሰብጀክት የመረጠው ሙሽራዋን ነው፣ እኔ የምፈልገው ደግሞ ከኋላዋ ያለውን። ሲገባ የሚሸፈነው ያልተመረጠው ስለሆነ፣ ተገልብጦ ሲገባ በቀለም የምትሸፈነው ሙሽራዋ ናት። ይሄ ለእኔ ይቀለኛል፤ የተቀባ ነገር ሁሉ የተጠበቀ ነው፣ ያልተቀባው ይጨልማል። ጥቁር ይጠብቃል፣ ነጭ ይመርጣል። በተቃራኒው ማየት የሚቀለው ሰው ከመሣሪያ ሳጥኑ ግርጌ ያለችውን የኩዊክ ማስክ ምልክት ሁለቴ ተጭኖ ቀለሙ የተመረጠውን እንዲያሳይ ማድረግ ይችላል። ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ግን አንዱን ያዙና በእሱ ኑሩ። ዛሬ በዚህ ነገ በዚያ ማለት ነው ሰውን ግራ የሚያጋባው።

ቀይ በቀይ ላይ

ኩዊክ ማስክ ሲመጣ ቀለሙ ቀይ ነው፣ ድምቀቱ 50 በመቶ። ቀይ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። ኮምፒውተር ሳይመጣ በፊት የኅትመት ባለሙያዎች ማስክ የሚሠሩት ሩቢሊዝ የሚባል ቀይ ስስ ፊልም በስለት እየቆረጡ ነበር። ለኅትመት ሥራ የሚጠቀሙበት የፎቶ ፊልም ለቀይ ብርሃን ደንታ የለውም፣ ስለዚህ በቀዩ የተሸፈነው ለፊልሙ ጥቁር ያህል ነው፣ ለሠራተኛው ዓይን ግን ከሥሩ ያለው ይታየዋል። ፎቶሾፕ ያንን ልማድ ወረሰው።

በእኛ ፎቶ ላይ ግን ቀዩ አልሠራም። እቅፍ አበባው ቀይ ነው። ቀይ ማስክ ቀይ ጽጌረዳ ላይ ሲያርፍ የትኛው አበባ ተሸፍኗል የትኛው ቀርቷል የሚለውን ማየት አይቻልም። የማስኩ ቀለም የሚቀየረው እዚያችው ምልክት ላይ ሁለቴ ስትጫኑ በሚመጣው መስኮት ነው። ለቀይ ተቃራኒው አረንጓዴ ነው ብሎ ወደ አረንጓዴ መሄድ ይመጣል፣ ግን ከኋላ ያለው አትክልት ነው፣ የሙሽራዋ ጠርዝ አረንጓዴ ሆኖ ከአረንጓዴ ቅጠል ጋር ይቀላቀላል። ስለዚህ ደማቅ ሰማያዊ አደረግኩት። በፎቶው ውስጥ የሌለ ቀለም መምረጥ ነው ጉዳዩ።

ድምቀቱንም እየቀያየርኩ ነው የሠራሁት። ጠርዝ ስከተል ወደ 30 በመቶ አወርደዋለሁ፣ ከሥሩ ያለው ክር በደንብ እንዲታየኝ። ያልተቀባ ቀዳዳ ስፈልግ ደግሞ ወደ 80 አወጣዋለሁ። ቀለሙም ድምቀቱም ለዓይን ብቻ ነው። ሰሌክሽኑን ቅንጣት አይነካውም፣ ስለዚህ እንደፈለጋችሁ ተጫወቱበት።

ቀዳዳ ለመፈለግ ከዚህም የተሻለ መንገድ አለ። በቻናሎች ፓነል ላይ የፎቶውን ዋና ቻናል ዓይን ስታጠፉ ማስኩ ብቻውን በጥቁርና ነጭ ይቀራል። እዚያ ላይ የቀሚሱ ዳንቴል ውስጥ ፈዘዝ ያሉ ግራጫ ነጠብጣቦች አየሁ። በቀለሙ ሽፋን ውስጥ አይታዩም ነበር። ማሽኑ እርግጠኛ ያልሆነባቸው ቦታዎች ናቸው፣ ቢተዉ ኖሮ ባጨለምኩ ጊዜ ቀሚሱ ላይ የእድፍ ጠብታ ይሆኑ ነበር። በጥቁር ብሩሽ ሸፈንኳቸው።

ቀሚሱ እና ኮፈኑ

እዚህ ብዙ የሚወራ የለም። ኮፈኑን ከቀሚሱ ለመለየት ፎቶውን እስከ 200 በመቶ አቅርቤ ጠርዙን በነጭ ብሩሽ ተከተልኩ፣ ያለፍኩትን በጥቁር መለስኩ። ኪቦርዱ ላይ ዲ ቀለሞቹን ወደ ጥቁርና ነጭ ትመልሳለች፣ ኤክስ ታቀያይራቸዋለች፣ የማዕዘን ቅንፎቹ የብሩሹን መጠን ይቀንሳሉ ይጨምራሉ፣ ሺፍት ስትጨምሩበት ጥንካሬውን። ግራ እጅ እነዚህ ላይ ከተቀመጠ ሥራው ይሮጣል። ቀጥ ባለው ጠርዝ ላይ አንድ ጫፍ ነክቶ ሺፍትን ይዞ ሌላውን ጫፍ መንካት ነው፣ ብሩሹ ራሱ ቀጥ ያለ መስመር ይሠራል።

ትኩረት የሚፈልገው የብሩሹ ጥንካሬ ነው። በአንድ ጥንካሬ ዙሪያውን ሁሉ መዞር ያጋልጣል። የቀሚሱ ወገብ ፎከስ ውስጥ ስለሆነ ጠርዙ ጥርት ያለ ነው፣ ብሩሹም ጠንከር ማለት አለበት። ወደ ታች ወደ ጀርባ የሚሄደው የቀሚሱ ጫፍ ግን ፎከሱን ለቋል፣ እዚያ ብሩሹ መለስለስ አለበት። ሌንሱ ያለሰለሰውን ጠርዝ እናንተ ስታጠሩት ነው በመቀስ የተቆረጠ የሚመስለው።

ዓይነ ርግቡ

አሁን ወደ ዋናው።

ዓይነ ርግቡ ላይ ያለው የማሽኑ ሥራ ሁሉ የሚጠቅም ስላልነበር አጠፋሁት፣ ማለትም ያንን አካባቢ በሙሉ በነጭ ቀባሁት፣ ከዜሮ ለመጀመር። ከዚያ እዚያው ኩዊክ ማስክ ውስጥ እንዳለሁ ላሶን (በእጅ እየከበቡ የሚመርጡበትን መሣሪያ) ይዤ የዓይነ ርግቡን ቅርጽ ከበብኩ። አዎ፣ ኩዊክ ማስክ ውስጥ ሆኖ ሌላ ሰሌክሽን መያዝ ይቻላል፣ ብዙ ሰው ይህንን አያውቅም። ጊዜያዊ ማስኩ ምስል ስለሆነ ምስል ላይ የሚሠራው ሁሉ እሱም ላይ ይሠራል። ላሶውን በፌዘር ትንሽ አለሰለስኩት፣ ጠርዙ ስል እንዳይሆን።

በዚያ ክልል ውስጥ ግራዲየንት ሳብኩ። ጭንቅላቷ አጠገብ ጨርቁ ተደራርቦ ስለተሰካ ወፍራም ነው፣ ከኋላው ያለው እምብዛም አይታይም፣ እዚያ ጥቁር ግራጫ። ነፋሱ ወደወሰደው ጫፍ ሲሄድ ጨርቁ አንድ ንብርብር ብቻ ነው፣ ከኋላው ያለው መኪና ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ እዚያ ነጣ ያለ ግራጫ። በአንድ ስበት ዓይነ ርግቡ ከሞላ ጎደል ቅርጽ ያዘ።

ቀጥሎ እጥፋቶቹ። ጨርቁ ሁለቴ በታጠፈበት ቦታ ከኋላ ያለው ብርሃን ሁለት ንብርብር አልፎ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ እዚያ ጠቆር ያለ ግራጫ ያስፈልጋል። ላሶውን በኮንትሮልና ዲ ለቅቄ እጥፋቶቹን አንድ በአንድ በቀጭን ለስላሳ ብሩሽ ተከተልኩ። የዓይነ ርግቡ ዳርቻ ላይ የተሰፋው ጠርዝ ደግሞ ጭራሽ አያሳልፍም፣ እሱ ወደ ጥቁር የቀረበ ነው።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ነገር አለ። ከፊል ማስክ ለመቀባት ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ጥቁር ይዞ የብሩሹን ኦፓሲቲ (ቀለሙ ምን ያህል እንደሚሸፍን) ዝቅ ማድረግ ነው። ሌላው ኦፓሲቲውን 100 ላይ ትቶ ግራጫ ቀለም መያዝ። መጀመሪያ ላይ አንድ ይመስላሉ፣ አይደሉም። ጥቁሩ በዝቅተኛ ኦፓሲቲ ብሩሹን አንስታችሁ በአንድ ቦታ ላይ በተመለሳችሁ ቁጥር ይደራረባል፤ አንዴ ስታልፉ ግማሽ የነበረው ሁለተኛ ስታልፉ ሦስት አራተኛ ይሆናል፣ ሳታስቡት ሙሉ ይሆናል። ግራጫው ግን ምንም ያህል ብትመላለሱ ከዚያው ግራጫ አያልፍም። ሰፊና ወጥ ለሆነ ስስ ጨርቅ ግራጫ ነው የሚሻለው። እጥፋትን ቀስ በቀስ ለማጥቆር ደግሞ መደራረቡ ራሱ የሚፈለግ ነገር ነው፣ እዚያ ጥቁሩን በ15 ወይም በ20 በመቶ ኦፓሲቲ ነው የተጠቀምኩት።

ስንት በመቶ ግራጫ? ለዚህ ቀመር የለም። ሁለት ነገሮች ይጎትቱታል። ጨርቁን በጣም ከጠበቅኩት ከሥሩ ያለው መኪና አይጨልምም፣ ከዓይነ ርግቡ ውጭ ያለው ግማሽ ጨልሞ በውስጡ ያለው ግማሽ እንደበራ ይቀራል፣ ያ ደግሞ ውሸት መሆኑ ወዲያው ይታወቃል። ትንሽ ብቻ ከጠበቅኩት ፀሐይ ያረፈችባቸው የጨርቁ ክሮች አብረው ይጨልማሉ፣ ነጭ ጨርቅ ሲጨልም ደግሞ ሰው የሚያየው ጥላ ሳይሆን እድፍ ነው። "እንዳይቆሽሽብኝ" ያለው ይሄንን ነው። እኔ ስሱ ክፍል ላይ ከግማሽ ትንሽ ከፍ ያለ ጥበቃ፣ እጥፋቶቹ ላይ ወደ 80 እና 90 በመቶ የሚጠጋ ላይ ቆምኩ። ሌላ ፎቶ ሌላ ቁጥር ይፈልጋል፤ ጨርቁ ስንት ያሳልፋል የሚለውን ዓይናችሁ ነው የሚነግራችሁ።

ኪውን ተጭኜ ስወጣ መስመሩ ዓይነ ርግቡን እንደሌለ አድርጎ አለፈው። ወይም በትክክል ለመናገር፣ ከግማሽ በላይ የተመረጠ ስላልነበረ ከመስመሩ ውጭ ቀረ። ይህንን ያየ ጀማሪ ሥራዬ ሁሉ ጠፋ ብሎ እንደገና ይጀምራል። አልጠፋም። ከነጭራሹ ከ50 በመቶ በላይ የተመረጠ ነገር ከሌለማ ፎቶሾፕ ራሱ የሰሌክሽኑ ጠርዝ አይታይም ብሎ ያስጠነቅቃል፣ መስመር አይኖርም፣ ሰሌክሽኑ ግን አለ። መልሳችሁ ኪውን ተጫኑና አረጋግጡ።

ማስቀመጥ

ከዚህ በኋላ ሌላ ነገር ከመንካቴ በፊት ሰሌክሽኑን አስቀመጥኩት። ኩዊክ ማስክ ጊዜያዊ ነው። ኮንትሮልና ዲ ብትነኩ፣ ወይም ላሶ በእጃችሁ ሳለ ባዶ ቦታ ላይ ብትጫኑ ሁሉም ይሄዳል። ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ዲ የመጨረሻውን ሰሌክሽን ይመልሳል፣ ግን ሌላ ሰሌክሽን ከያዛችሁ በኋላ የሚመልሰው ያንን ነው። ሰሌክት ከሚለው ሜኑ ሴቭ ሰሌክሽን ብላችሁ ስም ስትሰጡት አልፋ ቻናል ይሆናል፣ ከፋይሉ ጋር ይኖራል።

ፋይሉ ግን ትክክለኛው ዓይነት መሆን አለበት። ፒኤስዲ እና ቲፍ አልፋ ቻናልን ይይዛሉ፣ ጄፔግ አይዝም። ዋጋውም አለ። የዚህ ፎቶ ልክ 6000 በ4000 ፒክሰል ነበር፣ አንድ የ8 ቢት ቻናል ለእያንዳንዱ ፒክሰል አንድ ባይት ስለሚወስድ ሳይታመቅ 24 ሚሊዮን ባይት ይጨምራል ማለት ነው። ይጨምር። እንደገና ከመቀባት ይሻላል።

ማጨለሙ፣ እና ነጩ ክር

ሰሌክሽኑ እንዳለ ከርቭስ የሚባለውን፣ ብርሃንና ጥላን የሚለውጥ የማስተካከያ ሌየር ጨመርኩ። ሰሌክሽኑ ራሱ የሌየሩ ማስክ ይሆናል። መስመሩን ወደ ታች ሳብኩት፣ አትክልቱ ረጋ አለ፣ መኪናው ከነጭ ወደ ግራጫ ወረደ፣ በዓይነ ርግቡ ውስጥ የሚታየውም አብሮ ፈዘዘ። ክሮቹ ነጭ እንደሆኑ ቀሩ።

ግን በግራ ትከሻዋ ዙሪያ ቀጭን ነጭ ክር ወጣ። ይሄ የታወቀ ነገር ነው። ሰሌክሽኑ እስከ ትከሻዋ ጠርዝ ሳይደርስ ትንሽ ቀደም ብሎ ቆሟል፣ በመካከል ያልጨለመ የአትክልቱ ብርሃን ቀርቷል። ብዙዎች እዚህ ላይ ሙሉ ሰሌክሽኑን ማስፋት ይመርጣሉ። ሙሉውን ብታሰፉት ክሩ ይጠፋል፣ አብሮት ግን የፀጉሯ ዘለላዎችም የዓይነ ርግቡ ስፌትም ይበላል።

ስለዚህ ከርቭሱን ሰረዝኩ፣ ያስቀመጥኩትን ሰሌክሽን መልሼ ጫንኩ፣ ኪው፣ በላሶ ትከሻዋን ብቻ ከበብኩ፣ ከፊልተር ውስጥ ማክሲመም የሚለውን በ1 ፒክሰል አደረግኩ። ማክሲመም ነጩን ያሰፋል፣ ሚኒመም ጥቁሩን። እዚህ ነጩ የተመረጠው ስለሆነ ሰሌክሽኑ በትከሻዋ ዙሪያ አንድ ፒክሰል ወደ ውስጥ ገባ፣ ሌላው ሁሉ እንደነበረ ቀረ። በላሶው ውስጥ ጋውሲያን ብለር ከግማሽ ፒክሰል ትንሽ ከፍ አድርጌ አለሰለስኩት። ወጣሁ፣ በድሮው ቻናል ቦታ አስቀመጥኩት፣ ከርቭሱን መለስኩት። ነጩ ክር የለም።

ይህን ሁሉ በቀጥታ በሌየሩ ማስክ ላይ መሥራት አይቻልም ወይ? ይቻላል። እንዲያውም የምታደርጉት ማስተካከያ አንድ ብቻ ከሆነ እሱ ይሻላል፣ ምክንያቱም እየቀባችሁ ውጤቱን እዚያው ታያላችሁ። የሌየሩን ማስክ ይዛችሁ ባክስላሽን ስትጫኑ ያው ባለቀለም ሽፋን ይመጣላችኋል። ኩዊክ ማስክን የመረጥኩት ከሰሌክሽኑ ጋር ገና ምን እንደማደርግ ስላላወቅኩ ነው። ጨለማው ብቻ ይበቃል? ቀለሙም ይደብዝዝ? በስተመጨረሻ ሁለቱም ሆነ፤ ከከርቭሱ በላይ የአትክልቱን አረንጓዴ የሚያደበዝዝ ሂው ሳቹሬሽን ጨመርኩ፣ በዚያው ሰሌክሽን።

ወዳጄ ከኋላ ያለው ብዥ ቢልም ጥሩ ነበር ብሎ ነበር። ያንን እምቢ አልኩት። በማጨለም ከፊል ሰሌክሽን በደንብ ይሠራል፣ ግማሽ የተመረጠ ግማሽ ይጨልማል፣ ዓይንም ይቀበለዋል። ብዥታ ግን ፒክሰሎችን እርስ በርስ ያቀላቅላል፤ የቀሚሱ ነጭ ወደ ውጭ ይፈስና በዙሪያዋ ጭጋግ ይሠራል፣ ዓይነ ርግቡ ውስጥ ደግሞ ግማሹ ብዥ ያለ ግማሹ የጠራ ጨርቅ ይወጣል። ቀርቶብን ይሻላል።

ፎቶው ከሄደ በኋላ

መልሱ "ጨለማው ትንሽ በዝቷል" የሚል ነበር። የከርቭሱን ሌየር ኦፓሲቲ ዝቅ አደረግኩ፣ ማስኩን መንካት አላስፈለገኝም።

ከዚያ በዚያው ቦታ የተነሱ ሌሎች ፎቶዎች መጡ። ያስቀመጥኩት ቻናል ለእነሱ አይሆንም፣ ሙሽራዋ ተንቀሳቅሳለች፣ ነፋሱም ጨርቁን ሌላ ቅርጽ ሰጥቶታል። የሚተላለፉት ማስተካከያዎቹ ናቸው። ከርቭሱንና ሂው ሳቹሬሽኑን ጎትቼ ወደ አዲሶቹ ፋይሎች ወሰድኩ፣ የየፎቶውን ማስክ ግን ለየብቻ ሠራሁ። ስሱ ጨርቅ ስንት ግራጫ እንደሚፈልግ ከመጀመሪያው ስለታወቀ የኋለኞቹ ፈጠኑ። ነፋሱ ቆሞ ዓይነ ርግቡ ጀርባዋ ላይ በተኛባቸው ላይ ደግሞ ሰሌክት ሰብጀክት ብቻውን በቃ፣ ኪውን አልነካሁም።